በሁዳዴ የተቀቀለ ቋንጣ

ሁዳዴ ከገባ ጥቂት ቀን እንደሆነው ከጓሯችን የሥጋ ሽታ ወጣ።

ከሌላ ቤት ቢሆን የታመመ ሰው አለ ብዬ አልፈው ነበር። የወጣው ግን ከመሪጌታ ጥላዬ፣ ከአባቴ ቤት ነው። አባቴ በደብራችን የዜማ መምህር ነው። ከእብናትም ከሌላም ወረዳ ደበሎ ለብሰው የመጡ ተማሪዎች ከግቢያችን አጥር ሥር ጎጆ ቀልሰው ይማሩበት ነበር። የጾም ወጥ እንኳ ዘይት በዝቶበታል ብሎ የሚመልስ፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ውሃ የማይቀምስ ሰው ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ተመልሼ ቦርሳዬን ሳላወርድ በአጥሩና በግድግዳው መካከል ወደ ጓሮ ሾለክሁ። አባቴ ጋቢውን ጠቅልሎ ጉልቻ ላይ ከተጣደች ትንሽ ድስት አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። አንድ ቁራጭ ቋንጣ በቢላ ጫፍ አወጣ። እፍ እፍ አለበት። ግራና ቀኝ ተመለከተና ወደ ከንፈሩ አስጠጋው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁም፤ ሮጬ ወጣሁ።

ዛሬ ያችን ቅጽበት መልሼ ሳስባት፣ ቁራጩ አፉ ሲገባ እንዳላየሁ እርግጠኛ ነኝ። እናት የሕፃን ምግብ ያቃጥል እንደሆነ በከንፈሯ ትለካ የለ? እንደዚያ ነው ያደረገው። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ያው ነው። ሥጋ ከአባቴ ከንፈር ተገናኝቷል፤ ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ እንደ ልማዴ እጁን ስስም ትንፋሼን ያዝሁ። እንዳይሸተኝ ነው። ቢሸተኝ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ዓይናለም መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። ዓይናለም የእትዬ ፈንታነሽ ልጅ ናት። እትዬ ፈንታነሽ በቤተ ክርስቲያኑ በር ጧፍ ትሸጣለች፤ ቤታቸውንና ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው። ዓይናለም በዕድሜ እኩያዬ፣ በምላስ ግን ታላቄ ነበረች።

«ቀለመወርቅ፣ አፍንጫዬ ነው ወይስ የእናንተ ጓሮ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ቋንጣ ቋንጣ የሚለው።»

«የእናንተው ይሆናል።»

«እኛማ ቋንጣ ከየት አባታችን! እማዬ ከቅበላ ወዲህ ያሸተተችው ጧፏን ብቻ ነው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የኔታ ናቸው፣ አይደል? በአጥሩ ቀዳዳ አይቻቸዋለሁ።»

«ውሸታም!»

«ማርያምን!»

«አፍሽን ዝጊ!»

«እሺ፣ ዘጋሁ» አለችና አፏን በመዳፏ ከደነች። ከዚያ በጣቶቿ መካከል፣ «እምም… ቋንጣ» አለች።

በድንጋይ ልላት ፈለግሁ። ግን እውነቷን ነው፤ እውነት ለተናገረ ሰው ድንጋይ አይነሣም። ቤት ስደርስ ተማሪዎቹ ቁራሽ ለምነው እየተመለሱ ነበር። አንዱ አኮፋዳውን ገልብጦ የደረቀውን እንጀራ ከቆሎው ይለያል። አባቴ በመካከላቸው ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዜማ ያቀናል። ድምፁ እንደ ወትሮው ያማረ ነበር። እኔን ያሳፈረኝ ማማሩ ነው። ሥጋ የቀመሰ ጉሮሮ እንዴት እንዲህ ያምርለታል?

ወሬው አጥር ለአጥር ሄዶ ከአባ መልካሙ ጆሮ ደረሰ። አባ መልካሙ የቤታችን የነፍስ አባት ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ጌጤ ጓዳ ሆና ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች፤ እኔ አጠገቧ ነኝ። በመጋረጃው ሥር የአባን ከዘራና የአባቴን ባዶ እግር አያለሁ።

«ጥላዬ፣ የሰው አፍ ክፉ ነው» አሉ አባ።

«ነው አባቴ።»

«ከግቢው ሽታ ይወጣል አሉኝ። ከሰው ከምሰማ ከራስህ ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት።»

እናቴ መላጧን ተወች። የአባቴ እግር ጣቶች ሲጨበጡና ሲዘረጉ አየሁ።

«ስኳር ይዞኛል» አለ በመጨረሻ። «ሐኪሙ እንጀራና ዳቦ ቀንስ፣ ሥጋ ነገር ቅመስ አለኝ። ለመናገር አፈርሁ።»

«ምነው ልጄ! ይህ ምኑ ያሳፍራል? ጾም ለጤነኛ ነው። ስትድን ትጾመዋለህ። እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉና አሳለሙት።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። መርዶውን እንደ እኔ ገና መስማቷ መሰለኝ። ዛሬ ግን ያስደነገጣት በሽታው እንዳልነበረ አውቃለሁ። ባሏ መስቀል በሚሳለምበት አፉ ለነፍስ አባቱ ሲዋሽ መስማቷ ነው።

እኔ ያን ቀን ከሐፍረት ወጥቼ ወደ ፍርሃት ገባሁ። አባቴ ጾም አልሻረም። አባቴ ሊሞት ነው።

የታመመው መከታ ነበር፤ ውሻችን።

መከታ ቡናማ፣ ደረተ ሰፊ ውሻ ነው። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። አባቴ ለማኅሌት ዶሮ ሳይጮህ ሲወጣ ከጋፋት በኩል የሚመጣ ጅብ መንገድ ይቆርጣል፤ መከታ ፊት ፊት እየሄደ ያደርሰዋል። ውሻ ቅጥር አይገባምና በሩ ላይ ተኝቶ፣ ዝናብም ቢሆን ውርጭ፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ይጠብቃል። የመሪጌታ ቤት ተዝካርም ክርስትናም አያጣውም፤ የድግሱ ዳቦና የእንጀራ ትርፍ ለመከታ ነበር። እያረጀ ሲሄድ ወፈረ። ሰፈሩ፣ «ከየኔታ ይልቅ ውሻቸው ቀድሶ የሚበላ ይመስላል» እያለ ይስቅ ነበር። አባቴም ይስቅ ነበር፤ የውሻው ውፍረት የምቾት ምልክት ይመስለው ነበርና።

ከጥምቀት በኋላ መከታ ከላሞቹ ገንዳ አንገቱን አላወጣ አለ። ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ደግሞ ይጠጣል። ያቀረቡለትን ሁሉ እየበላ ከሳ። ዓይኖቹ ላይ እንደ አጓት ያለ ነገር ጋረደ። እኔ ይህን ሁሉ የተረጎምሁት በአባቴ በሽታ ነው። ውሻው አወቀ፣ ጌታው ሊሞት መሆኑን አወቀ፣ ከሐዘኑ የተነሣ ይከሳል፣ አልቅሶ አልቅሶ ዓይኑ ነጣ አልሁ።

በኋላ ጎንደር ገብቼ የእንስሳት ሕክምና ስማር፣ ያ ሁሉ ምልክት በአንድ ገጽ ላይ ተሰልፎ አገኘሁት። ውሻም እንደ ሰው ያረጃል፤ እንደ ሰው ወፍሮ፣ ሰውነቱ ስኳርን መቆጣጠር ያቅተዋል። ዓይኑን የሚያነጣውም ሐዘን ሳይሆን ስኳሩ ነው። ያን ገጽ ሳነብ መከታ ትዝ አለኝ፤ አባቴ ግን ትዝ አላለኝም። ሁለቱን ማገናኘት አልመጣልኝም።

ከብት ሊከትብ የመጣው ዳኛቸው የሚባል የእንስሳት ሐኪም የመከታን ጆሮ ጫፍ ወግቶ፣ ደሙን በትንሽ መሣሪያ ሲለካ አይቼ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መስሎኝ አለፍሁት። ዳኛቸው ለአባቴ የነገረው፣ ዳቦውና ትርፍራፊው እንዲቀር፣ ሥጋና እንቁላል በሰዓቱ እንዲበላ፣ ሰዎች ለስኳር የሚወጉትንም መርፌ ጧትና ማታ እንዲወጋ ነበር። «ግን የኔታ፣ ለውሻ ስኳር መርፌ የሚገዛ ሰው እዚህ አገር አይቼ አላውቅም» ብሎ ስቋል። አባቴ ያን ሳቅ አልረሳውም። ለሰው ቢናገር አገሩ ሁሉ እንደዚያ ይስቃል። ከሳቁ በኋላ ደግሞ የተማሪዎቹን አኮፋዳ እያየ፣ ተማሪው ቁራሽ ሲለምን ውሻው ሥጋ ይበላል ይላል።

እኔ የማውቀው ግን መርፌዎቹንና ብልቃጦቹን ነው። ከጋኑ ጀርባ ባለች፣ እርጥብ አሸዋ በሞላባት እንስራ ውስጥ ይቀመጣሉ። አባቴ ጧት ጧት መርፌውን በጋቢው ሸሽጎ ወደ መከታ መኝታ ሲሄድ አየዋለሁ። ሰው እንዳያየው እዚያ ሄዶ ራሱን ይወጋል፣ ሕመሙን የሚያሳየው ለውሻው ብቻ ነው ብዬ አለቀስሁ።

የአባቴ መታመም ሲሰማ ሽታው ይቅርታ አገኘ፤ ደግነት ቤታችንን ሞላው። የጥቁር ገብስ ዱቄት መጣ። ጠበል መጣ። ወንዛዬ ወርደህ ፍል ውሃ ተጠመቅ፣ በቅሎ እናዘጋጅልሃለን ያሉም ነበሩ። ተማሪዎቹ ከለመኑት ቆሎ ውስጥ ገብስ ገብሱን እየለቀሙ በቅል አመጡለት። አባቴ ቅሉን ተቀብሎ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ለማለት አፉን ከፈተና ሳይናገር ወደ ጓዳ ገባ። ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ከሁሉ የባሰችው እትዬ ፈንታነሽ ናት። እርሷ እውነተኛ የስኳር በሽተኛ ናት፤ ለዓመታት ራሷን ስትወጋ ኖራለች።

«እንግዲህ የኔታ፣ ጣፋጮቹ ተገናኘን!» እያለች ገባች። «የት ነው የሚወጉት?»

«እ… ክንዴን» አለ አባቴ።

«ክንድማ ያማል! ጭንዎን ይወጉ። ቦታውን ደግሞ ይቀያይሩ፤ አለዚያ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ቢያፍሩ ጌጤ ትውጋዎት፣ ምን አላት!»

«እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች እናቴ፣ ወደ ማንም ሳታይ።

«ከረሜላ ደግሞ ከኪስዎ አይለይ። ካዞረዎት ቶሎ አፍዎ ውስጥ።» ከመቀነቷ ፈትታ ሁለት ከረሜላ ሰጠችው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ተቀበላት። ያን ያህል አንገቱን ደፍቶ አይቼው አላውቅም።

ከደብረ ዘይት በዓል በኋላ ከተማው ውስጥ የስኳር መርፌ ጠፋ። ዓይናለም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እየሮጠች ገባች። እንደ ወትሮዋ አልቀለደችም።

«እማዬ ታመመች የኔታ። መርፌዋ አልቋል። መድኃኒት ቤቶቹ ሁሉ የለም አሉ፣ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ጠብቁ አሉ። ታስመልሳለች፤ ትንፋሿ ሌላ ሌላ ይሸታል። የኔታን ጠይቂልኝ አለችኝ።»

አባቴ ወደ ጋኑ በኩል ሰረቅ አድርጎ አየ።

«አልቆብኛል ልጄ» አለ። «ጠብታ የለኝም።»

ዓይናለም አየችው። «እሺ የኔታ» ብላ በሩን ስባ ወጣች።

በእንስራው አሸዋ ውስጥ ያልተከፈተ ብልቃጥ እንዳለ አውቃለሁ። አባቴ እውነቱን ነው፣ ሰው ነፍሱን ለጎረቤት አይሰጥም አልሁ በልቤ። እናቴ ከጓዳ ወጣች። ፊቷ ተለዋውጧል።

«አሸዋው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለች።

«ጌጤ…»

«ለሰው የለም አሉ? ለሰው?»

«እርሱስ? እየጠበቀኝ እኮ ነው…»

«ያች ሴት ልጅ ይዛ ነው የምትኖር! አንቱ ምን ነካዎት?»

የምሰማውን ማመን አቃተኝ። እናቴ ባሏ ቢሞት ግድ የላትም! «እርሱስ» ያለው ስለ እኔ ነው፣ አድጌ እስክጠቅመው እየጠበቅሁት ነው፣ እርሷ ግን ለጧፍ ሻጭ ትሰጠዋለች ብዬ ጠላኋት።

አባቴ ተቀምጦ ቆየ። ውጪ ተማሪዎቹ አንድ ቃል እየደጋገሙ ይጥላሉ፤ የሚያቀናቸው የለም። ከዚያ ድንገት ተነሣና እጁን እስከ ክንዱ አሸዋው ውስጥ ከተተ። ብልቃጡን ይዞ ጫማውን ሳያደርግ ወጣ። ጋቢው ላይ ተንጠለጠልሁ።

«አባዬ አትስጣት! አንተስ?»

ቆሞ አየኝ። «እኔ ምንም አልሆንም» አለ። ቃል በቃል እውነት ነበር። እኔ ግን የጀግና ቃል ነው ብዬ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

እትዬ ፈንታነሽን ወግተው በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ብልቃጧም አብራት ሄደች። ሴትዮዋ ተረፈች። ሳምንት ሳይሞላ ታሪኩ ደብሩን ሁሉ አዳረሰ፤ የኔታ ከራሳቸው ነፍስ ቀንሰው ሰጧት ተባለ። አባቴ ሲያልፍ ሰዎች ከተቀመጡበት ይነሡለት ጀመር። ሲነሡለት ፈጥኖ ያልፋል፤ ትሕትናው አሁንም አስደነቀኝ።

መከታ በአሮጌው ብልቃጥ ትራፊ ትንሽ ሰነበተ። ከዚያ መብላቱን ተወ። በሰሙነ ሕማማት፣ ምንም ሳያይ፣ የአባቴን ዱካ እያሸተተ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ተከተለውና የተለመደ ቦታው ተኛ። ሕዝቡ ስግደት ጨርሶ ሲወጣ አልተነሣም። አባቴ ሰው ሁሉ እያየው ተንበረከከና የውሻውን ጭንቅላት በሁለት እጁ ያዘ።

«መከታ ለአባዬ ቤዛ ሆነ!» ብዬ ጮህሁ። «በሽታውን ይዞለት ሄደ!»

«ይበል!» አሉ ሰዎቹ። አባ መልካሙ ራሴን ዳበሱኝ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት ለብዙ ዓመት የምስጋና አድርጌ ይዤው ኖሬያለሁ።

ከትንሣኤ በኋላ አስከትሎኝ ወደ እትዬ ፈንታነሽ ቤት ሄደ። እኔና ዓይናለም ደጅ ቀረን። በበሩ ስንጥቅ አባቴ መሬት ድረስ ሲያጎነብስላት አየሁ፤ መሪጌታ ለጧፍ ሻጭ! ለረጅም ጊዜ በሹክሹክታ ተናገረ። መጀመሪያ ስትስቅ ሰማኋት። ከዚያ ሳቁ ተቋረጠ። ከዚያ፣ «በቃ፣ ዝም ይበሉ!» አለች።

መድኃኒቱን መልሺ ብሏት እምቢ አለች ብዬ ለዓይናለም ነገርኋት። ያን ቀን ተደባደብን።

ዓይናለምን ባለፈው ጥር ዳርናት። እኔ ከጎንደር ተመርቄ እዚሁ ወረዳ ሥራ ይዣለሁ። ዳሱ ውስጥ ጠጅ ሲዞር አባቴ ዘንድ ደረሰ። እትዬ ፈንታነሽ ከወዲያኛው ጫፍ፣ «ለየኔታ አይሆንም! ለየኔታ ውሃ!» አለች። አባቴ መዳፉን ብርሌው ላይ ከደነ። ከእኔ ልጅነት ጀምሮ በየድግሱ እንደዚህ ነው፤ ማር አይቀምስም፣ ጠላ አይቀምስም። ከሙሽራው ወገን አንድ ሽማግሌ፣ «እኒህ ናቸው እንዴ መርፌያቸውን የሰጡት?» ብሎ ተነሣና ጉልበቱን ሊስም ጎነበሰ። አባቴ እግሩን ሰበሰበ።

ማታ ቤት ስንገባ የኖረብኝን ጥርጣሬ ላጣራ አልሁ። ከዚያ ዓመት ወዲህ መርፌ ሲወጋ አይቼው አላውቅም። ሲጠየቅ፣ በምግብ ይዤዋለሁ ነበር መልሱ። መለኪያዬን አውጥቼ ጣቱን ወጋሁት። ቁጥሩን ሳየው ደስታዬን መያዝ አቃተኝ።

«አባዬ፣ ጤነኛ ነህ እኮ! ስኳር የሚባል የለብህም!»

«አውቃለሁ» አለ። «ኖሮብኝም አያውቅ።»

ከዚያ፣ በዚህ ታሪክ መሐል «ዛሬ አውቃለሁ» እያልሁ ያረምሁትን ሁሉ ነገረኝ። ድስቷን፣ የዳኛቸውን ሳቅ፣ በመስቀሉ ፊት የተናገረውን ውሸት። እናቴ ጥግ ተቀምጣ አንድም ቃል አላከለችም። ለእትዬ ፈንታነሽ በሹክሹክታ የነገራትንም ነገረኝ። የሳቀችው፣ የታመመው ውሻዬ ነበር ሲላት ነው። ሳቋን ያቋረጠችው አልቆብኛል ያለበትን ቀን ስታስታውስ ነው። «ለነፍስዎ ፈርተው መስሎኝ ይቅር ብዬዎት ነበር» አለችው። «ለውሻ ነው የከለከሉኝ?» ንስሐዬን በሕዝብ ፊት ልናገር ሲላት ግን ከለከለችው። «ልጄ እናትሽ በውሻ ተበልጣ ነበር እየተባለች አታድግም። በሽተኛ ነኝ ብለዋል፣ በሽተኛ ሆነው ይኑሩ» አለችው።

«እርሷ ፈርዳብኛለች፤ እኔም ተቀብያለሁ» አለኝ። «እርሱ ቀላል ነው። ማር ማጣት ምንም አይደል።»

ላጽናናው ሞከርሁ። ያ ውሻ በዚያ ዕድሜው ቢወጋም ብዙ እንደማይቆይ፣ ማንም ሰው ቢሆን ለአፍታ እንደሚያመነታ፣ በመጨረሻ ግን መስጠቱን ነገርሁት። እየተናገርሁ ራሴን እየነቀነቅሁ ነበር፤ እርሱ አልነቀነቀም።

«ልጅቷ በሩን ስባ ስትወጣ ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ?» አለ።

ሐፍረት ሊለኝ መስሎኝ ጠበቅሁ።

«ደስ አለኝ» አለ። «ትንፋሿ ሌላ ሌላ ይሸታል እያለችኝ፣ እኔ መከታ ለትንሣኤ ይደርስልኛል ብዬ ደስ አለኝ።»

ከወጋሁት ጣቱ ጫፍ ገና ደም ይወጣ ነበር። ጥጥ ሰጠሁት። ሌላ የምሰጠው ፈልጌ አጣሁ።